ባዶውን የማይመለሰው ምሳ ዕቃ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት፣ እዚሁ ሰቆጣ ውስጥ ነው። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ የጠፋ የመሰለን አንድ ምሳ ዕቃ ነው። ሆኖም ጎረቤቴ ያዋስኳትን ሳህን ስትመልስልኝ ክዳኑን ከማንሣቴ በፊት ዛሬም ደንገጥ ስለምል፣ እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወሰንኩ።

የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ነው። የምሠራው ቢሮ ውስጥ ቢሆንም፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ የሰፈራችን አረጋውያን ምሳ የሚያደርስ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሲቋቋም ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት በዚያ ስብሰባ ላይ ብዕር ይዤ የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ይመስለኛል። ሊቀ መንበራችን አቶ ታረቀ ናቸው። አቶ ታረቀ ከመሥሪያ ቤት ኀላፊነት በጡረታ ከተሰናበቱ ቆይተዋል፤ ከስብሰባ ግን እስካሁን አልተሰናበቱም። ምግቡን በባጃጁ የሚያደርስልን ደግሞ ሞላ ነው፤ ቀልደኛ፣ ድምፁም ከባጃጁ የማያንስ ጎልማሳ።

የሥራ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ነበርኩ። ምግቡ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የብረት ምሳ ዕቃ ይሄዳል። ሞላ የዛሬውን ሲያደርስ የትናንቱን ዕቃ ይረከባል። በጎ ፈቃደኛ አድርሶ ይመለሳል እንጂ አይቀመጥም፤ ከተጠቃሚው ምግብም አይቀምስም። ጨው ለደም ግፊት ስለማይበጅ የሚገባው በጥቂቱ ነው። ደንቡ በጭብጨባ ጸደቀ።

የመጀመሪያው ምሳ የደረሰው እመት ዘውዴ ቤት ነው። እመት ዘውዴ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት፣ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከደጃፋቸው አልፈው አያውቁም። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ናት፤ ደሃና ወረዳ ያሉ ዘመዶቻቸው አዝመራው ሲገባ ገብስ በአህያ ጭነው ይልኩላቸዋል።

ያን ቀን ለፎቶግራፍ የሚሆን ባነር ይዘን ነበር። ባነሩ ከቤቱ ግድግዳ ስለሚበልጥ በሩ ላይ ዘረጋነው፤ ቤቱ ጨለመ።

«ምርጫ መጣ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«አይ እመት፣ ምሳ ነው!» አለ ሞላ።

«ምሳ ከሆነ ይግባ። ጨርቁን ግን አንሡልኝ፤ የምበላው አይታየኝም።»

ፎቶግራፉ ሲነሣ አቶ ታረቀ ዐይናቸውን እየጨፈኑ ስላስቸገሩ፣ እመት ዘውዴ ያንኑ ምሳ ዕቃ ደጋግመው ተቀበሉ። በመጨረሻ ሲከፈት ምግቡ ቀዝቅዞ ነበር። ስለ ምግብ ሙቀት የጻፍኩትን አንቀጽ አስታወስኩ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃው ተመለሰ። ታጥቧል፤ ውስጡ ግን በገብስ ቆሎ ሞልቷል።

ከሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ ሆነ። ከአንዱ ቤት እንቁላል፣ ከሌላው ደረቅ በርበሬ፣ ከሌላው ጭብጥ ምስር መጣ። እግራቸው ታሞ አልጋ የያዙት አያ ካሳ ከጓሯቸው ጌሾ ላኩልን። አቶ ታረቀ እጅግ ተደሰቱ። «ይህ የተጠቃሚው የባለቤትነት ስሜት ነው» አሉና በሪፖርቱ እንዲገባ አዘዙ። እኔም አስገባሁት።

ከዚያ ወዲህ የስብሰባ ጠረጴዛችን ቆሎ የማያጣ ሆነ። ቀድሞ አፋችን ሲደርቅ ያበቃ የነበረው ስብሰባ አሁን ፀሐይ እስክትጠልቅ ይዘልቅ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ገብስ ነበር፤ አቆላሉም የሚያውቅ ሰው አቆላል ነበር።

በአገራችን የጎረቤት ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። የእናቴ ጎረቤት የተዋሰችውን ወንፊት እንኳ ሁለት ራስ ሽንኩርት ጣል ሳታደርግበት አትመልስም ነበር። የእኛ ምሳ ዕቃ ግን ጎኑ ላይ የቡድኑ ስም በቀለም ተጽፎበታል፤ ቁጥርም አለው። እንዲህ ያለ ዕቃ የጎረቤት ዕቃ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

አንድ ቀን ከአያ ካሳ ምሳ ዕቃ ውስጥ ጓጉንቸር ወጣ። መክፈቻ የሌለው፣ ዝገት የበላው አሮጌ ጓጉንቸር።

«ምን ብለው ሰጡህ?» አሉ አቶ ታረቀ።

«ምንም። ‹ከባድ ነው፣ ደህና አድርገህ ያዘው› ብቻ ነው ያሉኝ» አለ ሞላ።

ጉዳዩ ለውይይት ቀረበ። አንዱ አባል የጸጥታ አቤቱታ ነው አለ፤ ሌላው የቤት እድሳት ጥያቄ ነው አለ። አቶ ታረቀ ጉዳዩ እንዲጣራ ወሰኑ። ጌሾው አልቆባቸው ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። ለማጣራትም የሄደ የለም።

በዚያው ሳምንት ሞላ የእመት ዘውዴን ምሳ እንዳለ ይዞት ተመለሰ።

«እመት ዘውዴ የሉም።»

«የት ሄደው?»

«ጎረቤታቸው ወርቄ ‹መንገድ ሄደዋል› አለችኝ።»

«በምን እግራቸው?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኋት፤ በሩን ዘጋችብኝ።»

በማግስቱ «እየጾሙ ነው» ተባለ፤ ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ተኝተዋል» ተባለ። መጀመሪያ ያሰብኩት የታመሙ እንደሆነ ነው። ቀጥዬ ያሰብኩት ግን ስለ ምሳ ዕቃው ነው፤ የመጨረሻው ከእርሳቸው ዘንድ አልተመለሰም። ዕቃ እንዲጎድልብኝ አልወድም። ስለዚህ ሞላ በሄደ ቁጥር ምሳ ዕቃውን እንዲጠይቅ አሳሰብኩት። እርሱም ከባጃጁ ሳይወርድ፣ ዳገቱ በሙሉ እስኪሰማ ጠየቀ።

ስብሰባ ተጠራ። ከመካከላችን አንዱ ሌላ ቡድን ወስዷቸው ይሆናል ሲል ሰጋ። ሌላዋ የምግቡን ጥራት አነሣች፤ ለእርሷ በቂ መልስ ሰጠሁ። አቶ ታረቀ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ልከው ባዶ መሆኑን ሲያዩ፣ «ቆሎውስ?» አሉ። ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወስኖ ተበተንን።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት የቡድኑን ሰደርያ ሳልለብስ፣ ምሳውን በእጄ ይዤ ብቻዬን ዳገቱን ወጣሁ። ወርቄ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ የሉም።»

«ወርቄ፣ እመት ዘውዴ እኮ እዚህ በር ድረስ እንኳ አይደርሱም።»

«ዛሬ ደርሰዋል።»

ይህን ጊዜ ከውስጥ፣ ቀስ ያለ ድምፅ በኽምጠኛ «ሄደች?» ሲል ጠየቀ። ወርቄ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል በኽምጠኛ መለሰች፦ «አልሄደችም። ቆማ ታየኛለች።»

ኽምጠኛ የእናቴ ቋንቋ ነው። አፌን አሟሽቼ በዚያው ቋንቋ፣ «እመት ዘውዴ፣ እኔ ነኝ፤ ልግባ?» አልኩ።

በአማርኛ፣ «ከሰማሽማ ምን እንላለን። ግቢ» አሉኝ።

መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከስቶ፣ የአንገታቸው አጥንት ወጥቶ ስለነበር ደነገጥኩ። ምሳ ዕቃው ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ፣ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከሥሩ ባዶ ጆንያ ተጣጥፎ ይታያል።

«ዕቃሽ አልጠፋም» አሉኝ ከሰላምታው በፊት። «ያ ባለ ባጃጅ ‹ምሳ ዕቃ! ምሳ ዕቃ!› እያለ አገሩን ሰበሰበብኝ። በስተርጅና ሌባ ሆንኩልሽ።»

«እኔ ዕቃውን ፈልጌ አልመጣሁም» አልኩ። ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። «ምሳውን ለምን እንደሚመልሱ ልጠይቅዎ ነው።»

«የፊተኛውን ሳልመልስ በምን ፊቴ ሌላ እቀበላለሁ?»

«ይመልሱታ።»

«ባዶውን?»

ቃሉን ያሉት፣ ራቁትዎን ገበያ ይውጡ ያልኳቸው ይመስል ነበር።

«ገብሱ አለቀ» ብለው ቀጠሉ። «እንቁላል እንላክ ብለን ዶሮዋንም በየቀኑ ጣዪ ብናስቸግራት ጭራሹን ተወችው። ወርቄም ለእናንተ ቆሎ ስትቆላ ክንዷ ዛለ።»

«ለእኔስ ማለቁ ደግ ሆነ» አለች ወርቄ ከበሩ።

ገብሱ እስከ መቼ ይበቃቸው እንደነበር ጠየቅሁ።

«እስከ አዝመራ ነበራ። ጠዋት በሶውን እጠጣለሁ፣ ማታ ቆሎውን እቆረጥማለሁ። ወትሮ በእርሱ ነው የምከርመው።»

የስብሰባው ሳህን ትዝ አለኝ። ምሳ እያመጣን ቁርሳቸውንና እራታቸውን ስንበላ ነበር የሰነበትነው። አሁን ደግሞ ምሳውም ቀርቷል፤ ወርቄ ከልጆቿ ቀንሳ የምታቀምሳቸውን ይዘው ነው የዋሉት።

«ይህ እኮ የቡድን ዕቃ ነው፤ የሰው ዕቃ አይደለም» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ቡድኑ ቤት የለውም?»

«ቢሮ አለው።»

«በር አለው ቢሮው?»

«አለው።»

«በር ካለው ባዶ ዕቃ አይገባበትም።»

የያዝኩትን ምሳ አልተቀበሉኝም። ይዤው ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተደረገ። ጠረጴዛው ላይ ከሌላ ቤት የመጣ ቆሎ ነበር። ቆሎው ከምን እንደሚመጣ ስናገር እጆች ሁሉ ከሳህኑ ተሰበሰቡ። አቶ ታረቀ አፋቸው ውስጥ የነበረውን አላምጠው ከጨረሱ በኋላ ተናገሩ።

«ይህ የግንዛቤ ክፍተት ነው።»

«የማን?» አልኩ።

«የአረጋውያኑ።» ከዚያም ባዶ ዕቃ የመመለስን ባህል ስለማዳበር ለአረጋውያኑ የግማሽ ቀን ሥልጠና በአዳራሽ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ።

«ከቤት የማይወጡ ስለሆኑ እኮ ነው ምሳ የምናደርስላቸው» አለ ሞላ። «እንዴት ብለው አዳራሽ ይመጣሉ?»

«ተወካይ ይልካሉ።»

አንዲት አባል ገብስ ገዝተን ብንተካላቸውስ ብላ ጠየቀች። ሁሉም ተስማማ። በምን እንደሚላክ ሲጠየቅ አቶ ታረቀ «በምሳ ዕቃ» አሉ። ከዚያ ያ ምሳ ዕቃ ምን ይዞ እንደሚመለስ ሁላችንም በየልባችን አሰብን።

በመጨረሻ የገብሱ ጉዳይ አደረና፣ ምሳው ራሱ በፌስታል እንዲላክ ተወሰነ፤ ፌስታል አይመለስምና። ሰኞ በፌስታል ተላከ። እመት ዘውዴ «እንዲህ አድርገሽማ ለውሻ ነው የምትጥዪው፤ ለሰው በዕቃ ነው» ብለው እንደላኩብኝ ሞላ ነገረኝ። አያ ካሳ ምግቡን በልተው ፌስታሉን አሳጠቡ፣ አጥር ላይ አሰጥተው አደረቁት፣ አጣጥፈውም መለሱት። በውስጡ የጓጉንቸሩን መክፈቻ አግኝተው ጨምረውበታል።

አቶ ታረቀ ሞከሩት፤ ከፈተ። «ሥራችን ፍሬ እያፈራ ነው» አሉ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ እኔ ራሴ ሳልበላ፣ ምግቡን በምሳ ዕቃ ይዤ እንደገና ዳገቱን ወጣሁ። ምን እንደምል አልተዘጋጀሁም ነበር፤ ይህ በእኔ ላይ ብዙ ጊዜ አይደርስም። እመት ዘውዴ ከቅዳሜው ይልቅ ደክመዋል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ነው ያናገሩኝ። ምሳ ዕቃውን ከአጠገባቸው አስቀምጬ ይቀበሉኝ ዘንድ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁለታችንም ዝም አልን።

በዚያ ዝምታ መካከል ሆዴ ጮኸ።

ትንሽ ድምፅ አልነበረም። ወርቄ ከደጅ ብቅ ብላ አየችን። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እመት ዘውዴ ግን ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ቀና አሉ።

«ምሳ ሳትበዪ ነው የመጣሽው?»

«እበላለሁ፣ ችግር የለም፣ ቢሮ ስመለስ...»

«ከቤቴ ሆድሽ እየጮኸ ልትወጪ? ወርቄ! ውኃ አምጪ፣ እጇን አስታጥቢያት!»

ወርቄ ወደ ጓዳው ጥግ አየች። በቤቱ ውስጥ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። ያለው ምግብ አንድ ብቻ ነው። እመት ዘውዴ ምሳ ዕቃውን ለጥቂት ጊዜ አዩትና፣ ወደ ራሳቸው ስበው ክዳኑን ከፈቱት። እንጀራውንና ምስር ወጡን በገዛ ሳህናቸው ላይ ገልብጠው በመካከላችን አስቀመጡት።

«ብዪ።»

ከተጠቃሚው ምግብ አይቀመስም የሚለውን አንቀጽ አስታወስኩ። ከዚያ እጄን ታጠብኩ።

«እርስዎ ካልበሉ አልበላም» አልኩ።

«እንግዳ ብቻውን ይበላል አልኩሽ?» ብለው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ለእኔ አጎረሱኝ። እኔ በሠርግ እንኳ ጉርሻ እየሸሸሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን አፌን ከፈትኩ። ሁለተኛውን እርሳቸው ጎረሱ። አላመጡ፤ ቆም አሉ፤ እንደገና አላመጡ።

«ጨው የለውም» አሉ።

«ለጤና ተብሎ...»

«ይኼን ሁሉ ቀን ዝም ብዬ ስበላው ኖርኩ። ለሰጠ ሰው እንዴት ብዬ ‹ጨው የለውም› እላለሁ? አሁንማ ማዕዱ የእኔ ነው። ወርቄ፣ ጨው! አዋዜም ካለሽ!»

እስኪያልቅ በላን። እኔ ቀስ እያልኩ፣ እርሳቸው እየፈጠኑ። ወርቄ ምሳ ዕቃውን አጠበችና ምን ላድርግበት በሚል ዐይን ቆመች።

«ምን ቆመሻል?» አሏት። «እንግዳዬን አብልቻለሁ። ዕቃዋንም ሞልቼ እንድሰድ እኔ ሀብታም ነኝ? ስጫት ትሂድበት።»

ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዤ ቆምኩ። ልወጣ ስልም መደርደሪያው ላይ የነበረውን ባዶ ዕቃ ጨምረው ሰጡኝ፤ እርሱም የእንግዳ ዕቃ ሆኗልና። ይሁን እንጂ ገብሱ አሁንም ልቤ ላይ ነበር። ዐይኔ ከመደርደሪያው ሥር በተጣጠፈው ጆንያ ላይ አረፈ።

«እመት ዘውዴ፣ ያንን ጆንያ ለጥቂት ቀን ያውሱኝ» አልኩ።

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ለቢሮ ጉዳይ ነው።»

«ውሰጂ፣ ባዶ ጆንያ ምን አለው።»

ለጾም መያዣ ቅበላ ሳምንት ላይ ሞላና እኔ ጆንያውን ይዘን ተመለስን። ሞላ እያቃሰተ ቤቱ መካከል አስቀመጠው። ገብስ ነበር፣ እስከ አፉ። ቡድኑ በአንድ ድምፅ የገዛው ነው፤ ያለ ውይይት ያለፈ ብቸኛ አጀንዳችን እርሱ ነው።

እመት ዘውዴ ጆንያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ያዋሱኝ ጆንያ ነው።»

«ገብሱን ነው የምልሽ።»

«የሰው ዕቃ ባዶውን ልመልስ?»

እጃቸውን ወደ ጆንያው ሰድደው ገብሱን ዳበሱት። ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ዳሌያቸውን ይዘው «ወይ አንቺ ተንኮለኛ፣ አመመኝ!» ሲሉ ነው።

አሁን ደንቡ ተሻሽሏል። ምሳው ለሁለት ሰው ይዘጋጃል፤ ያደረሰ ሰው ተቀምጦ አብሮ ይበላል፤ ዕቃውም ባዶውን ይመለሳል። አቶ ታረቀ ይህን «የጋራ ማዕድ ስልት» ብለው በሪፖርቱ አስገብተውታል፤ ስልቱንም የነደፈው ኮሚቴው ነው። ምሳ እንደሚበላ ከሰሙ ወዲህ እርሳቸውም በአካል ማድረስ ጀምረዋል። ከአያ ካሳ ቤት ግን አቤቱታ መጥቷል፦ «ያንን ሰውዬ ሌላ ቤት ላኩት፤ ሲያወራ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ዝም ሲል ምግቡ ያልቃል።» ጓጉንቸሩ የቢሯችንን መሳቢያ ይቆልፋል። ጠረጴዛው ላይ ቆሎ ስለሌለ ስብሰባዎቻችን እጅግ አጥረዋል።

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ዳገቱን እወጣለሁ። የጨው መጠኑን በተመለከተ አቋሜ አልተለወጠም፤ ምግቡ ሲሠራ ዛሬም በጥቂቱ ነው የሚገባው። ነገር ግን በቦርሳዬ ውስጥ፣ በወረቀት የተጠቀለለች ቁንጥር ጨው ይዤ እሄዳለሁ። እመት ዘውዴ ወረቀቷን ከእጄ ተቀብለው፣ ፈትተው ጨዉን ነስንሰው፣ መጀመሪያ እኔን ያጎርሱኛል። ስለ ቁንጥሯ ጨው ለአቶ ታረቀ አልነገርኳቸውም፤ ንዑስ ኮሚቴ ያቋቁሙላታል ብዬ እሰጋለሁ።